እቁቤን ካሜራ በላው

የእቁባችን ዳኛ የተጠቀለለችውን ወረቀት ፈተው ቁጥሬን ሲያነቡ ቀድሞ የጮኸው አጠገቤ የተቀመጠው የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ብሩን ምን እንደማደርግበት አውቅ ነበር። ስለማውቅም አፈርኩ።

40 ሰው ነን። በየ15 ቀኑ 12,000 ብር እንጥላለን። እጣ የደረሰው 480,000 ብር ይበላል። ለጎንደር ፎቶ አንሺ ይህ ቀልድ አይደለም። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ሲደራረብ እንኳ ይህን የሚያህል ብር ባንድ ቀን እጄ ገብቶ አያውቅም። ዳኛው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ምክር ጀመሩ። "እንግዲህ ልጄ፣ ብር እግር አለው። ቶሎ ንብረት አድርገው።"

ንብረት አደረግሁት። 660 ግራም የሚመዝን ንብረት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ "ለምን?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ፒያሳ ላይ ለእያንዳንዱ ቆሜ ሳስረዳ ቡናዬ እየቀዘቀዘ ነው። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይኸንኑ እልካለሁ።

መጀመሪያ ያለኝን ልንገራችሁ። የምሠራበት ካሜራ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ፣ 22 ሜጋፒክስል። እኔ እጅ የገባው ሁለት ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ነው። የጎማ መያዣው ተላቆ ሁለት ጊዜ በማጣበቂያ መልሼዋለሁ። 24-70 ሌንሱ ሲገጠምበት ከ1.7 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከጠዋት ሙሽሪት ቤት እስከ ማታ አዳራሽ አንገቴ ላይ ሲውል ባለቤቴ ማታ አንገቴን በቅባት ስታሸኝ ታመሻለች። ግን አንድም ቀን ሰርግ ላይ አላሳፈረኝም። በዝናብም፣ በአቧራም፣ የሙሽራው አጎት ቢራ ባፈሰሰበት ቀንም ሠርቷል።

ስለዚህ ካሜራ ልቀይር ካልኩ መንገዱ ግልጽ ነበር። አንድ መንገድም አይደለም፣ ብዙ ነው።

አብሮኝ ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ ሃይማኖቱ ሶኒ ነው። "ብሮ፣ ኤ7 ፎርን ግዛና ተገላገል" ይለኛል። 33 ሜጋፒክስል ነው። ቪዲዮው ጥሩ ነው። ፎከሱ የሰው ዐይን ፈልጎ ይይዝና አይለቅም። ሙሽሪት ብትጨፍር፣ ሚዜ መሀል ቢገባ፣ ሕፃን ቢሮጥ፣ እሱ ዐይኗን ይዞ ይከተላል። እውነቱን ነው። አንድ ቅዳሜ አውሶኝ ሠራሁበት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፎከሱ የሳተ ፎቶ ብፈልግ አጣሁ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ሁሉም የእሱን ፎቶ ይመስል ነበር።

የአስተዋይ ሰው ምርጫ ግን ካኖን አር6 ማርክ 2 ነው። ያሉኝን ሌንሶች በአንድ አዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ እገጥምበታለሁ፤ ምንም አልሸጥም፤ እጄ የለመደውን አይለቅም። በሰከንድ እስከ 40 ፎቶ ያነሳል። ይህንን 40 ፎቶ ነገር ብዙ አሰብኩበት። ሙሽሪት ኬክ ስታጎርስ 40 ፎቶ ምን ይሠራልኛል? ማታ ቁጭ ብሎ የሚመርጠው እኔው ነኝ።

ፉጂም ነበር። ኤክስ100 ሲክስ የሚሉት፣ 40 ሜጋፒክስል፣ ኪስ ሊገባ ምንም የማይቀረው። በጣም ያምራል። ልጆቹ ሲያዩት ይደነግጣሉ። ለእኔ ግን መልኩን ወስዶ ነገሩን የተወ ካሜራ ነው። ምኑን እንደተወ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሶኒውም ካኖኑም ሲወጡ ዋጋቸው 2,500 ዶላር አካባቢ ነበር። ልብ በሉ እንግዲህ። እኔ የገዛሁት ላይካ ኤም 10 የሚባል የጀርመን ካሜራ ነው። ያገለገለ ነው። ስገዛው ሞዴሉ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ዋጋው ግን ከሁለቱም አዲስ ይበልጥ ነበር። ቪዲዮ አያነሳም። ዙም የለውም። ፎከስ በራሱ አያደርግም፤ በጣትህ እያዞርክ ነው። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት የሶኒው ልጅ እስክጨርስ ጠብቆ "ታዲያ ምኑን ነው የምትገዛው?" አለኝ።

ምኑን እንደሆነ ለመናገር ወደ ጋሼ መሄድ አለብኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ነፍሱን ይማረው። በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተምሮ የተመለሰ ጓደኛው ፌድ 5 የምትባል ካሜራ አመጣለት። በዚያች ካሜራ የጎንደርን ግማሽ ሰው አንስቷል ብል ማጋነን ነው። ባደግሁበት ሰፈር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ግን አብዛኛው የሱ ነው። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ ያነሳል። በዓል ሲሆን ፋሲል ግቢ በር ላይ ይቆማል። ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ጋሼ ያሰልፋቸዋል፤ ሕፃኑን ከፊት፣ አባትየውን ከኋላ፣ ግንቡን በስተቀኝ። ከዚያ ካሜራዋን ዐይኑ ላይ ለጥፎ ሌንሷን ቀስ እያለ ያዞራል። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እሱም ይይዛል።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ላይ ይሆናል፣ አንድ ቀን እንዳይባት ሰጠኝ። እናቴ ፊት ለፊት ቆማለች። በትንሿ መስኮት ሳይ መሀል ላይ ደብዘዝ ያለች ቦታ አለች። እዚያች ቦታ ውስጥ እናቴ ሁለት ሆናለች። አንዷ እናቴ ከሌላዋ እናቴ ትከሻ በኩል ታጮልቃለች።

"ሁለት ሰው ይታይሃል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ቀለበቷን አዙር። አንድ ሲሆኑ ተዋት።"

አዞርኩ። አለፍኩና ራቁ። መለስኩና ተቀራረቡ። ከዚያ አንደኛዋ ሌላዋ ውስጥ ጥልቅ አለችና እናቴ አንድ ሆነች። ያን ቀን የሆንኩትን ዛሬም ስነግራችሁ ጣቴን ይበላኛል።

ሬንጅፋይንደር ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ካሜራው ፊት ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት መስኮቶች አሉ። እንደ ሁለት ዐይን በላቸው። ሁለቱ የሚያዩት ምስል መሀል ላይ ይደራረባል። ሌንሱን ስታዞር ከኋላው ያለች ትንሽ ዘንግ ትገፋለች፤ አንደኛው ምስል ይንቀሳቀሳል። ምስሎቹ ሲገጥሙ ፎከሱ ሰውዬው ላይ ገጠመ ማለት ነው። ስክሪን አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም። ኤም 10ም ቢሆን ውስጡ ዲጂታል ነው እንጂ የሚያይበት ዐይኑ እንደ ጋሼዋ ነው። የፉጂው መልክ ብቻ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው። ያቺ ዘንግ የለችውም።

ጋሼ አያውቅም ነበር እንጂ ያ ካሜራው የላይካ የልጅ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፌዶች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ በዛሬዋ ዩክሬን ካርኮቭ ከተማ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበት ማኅበር ሲሠሩ፣ የጀርመኑ ላይካ ግልባጭ ነበሩ። የሌንሱ መግጠሚያ ጥርስ እንኳ ከድሮው ላይካ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጋሼ ከሞተ በኋላ ካሜራዋን እናቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። ሻተሯ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃዋ፣ ሞቷል። ሌንሷ ግን ደህና ናት። ኢንዱስታር 61 ትባላለች፣ 55 ሚሊሜትር። አልፎ አልፎ አዘዞ እናቴ ቤት ስሄድ አወጣትና ቀለበቷን አዞራለሁ። እማዬ ታየኛለች፣ ምንም አትልም።

ላይካን በእጄ የያዝኩት ግን የ2014ቱ ጥምቀት ላይ ነው። ያኔ ዲያስፖራው በብዛት የመጣበት ጊዜ ነው። ጥር 11 ጠዋት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላይ፣ ግንቡን በሥራቸው አንቀው ከያዙት ዛፎች ሥር ቦታ ይዤ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ጎልማሳ ሰው አለ። የጎንደር ልጅ ነው፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው። አንገቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ካሜራ አለች። ዐይኔን አላነሳ ስል ሳቀና "እንካ፣ እይባት" አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ጽድቁ ይብዛለት።

ውሃው ተባርኮ ልጆቹ መዝለል ሲጀምሩ በሷ አየሁ። ሁለት ነገር አየሁ።

በእኔ ካኖን፣ ቁልፉን ስጫን ውስጥ ያለው መስታወት ይነሳል። ለቅጽበት ማያው ይጨልማል። ልጁ አየር ላይ ሲሆን እኔ ጨለማ ውስጥ ነኝ። ስንት ዓመት ጥምቀት አንስቼ ያነሳሁትን ቅጽበት በዐይኔ አይቼው አላውቅም ማለት ነው! በላይካው ግን መስኮቱ በሌንሱ በኩል አያይምና አይጨልምም። ልጁ ግንቡን ለቀቀ፣ እግሩን አጠፈ፣ ሻተሩ ቀጭ አለ፣ ልጁ አሁንም አየር ላይ ነው፣ አየሁት። (የሶኒው ልጅ "ሚረርለስም እኮ አይጨልምም" ይለኛል፤ እንደ ሶኒው ውስጣቸው መስታወት የሌላቸውን ማለቱ ነው። ልክ ነው። ግን እዚያ የማየው ትንሽ ቴሌቪዥን ነው፤ እዚህ ልጁን ነው።)

ሁለተኛው ይብሳል። በላይካ መስኮት ውስጥ ፎቶው የሚገባበት ቦታ በነጭ መስመር ተከቧል። ከመስመሩ ውጭ ያለውም ይታይሃል። እኔ መስመሩ ውስጥ ልጆቹን እያየሁ፣ ከመስመሩ ውጭ በግራ በኩል አንድ ቄስ ጥላ ይዘው ሲመጡ አየኋቸው። ገና አልገቡም። ጠበቅኋቸው። የጥላው ጫፍ መስመሩን ሲነካ ተጫንኩ። ፎቶው የሰውዬው ካርድ ላይ ቀረ። እኔ ዘንድ የለም። ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ያላየሁት ፎቶ ከዐይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሥራዬ ዋጋ ማየት ሆነ። መቼም "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ይባላል፤ የላይካ ነገር ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። አይደለም። ኤም 8 በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ነው፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። 10 ሜጋፒክስል። ትልቁ ጣጣው ሌንሱ ላይ ልዩ ማጣሪያ ካላጠለቁበት አንዳንድ ጥቁር ጨርቅን ሐምራዊ አድርጎ ማሳየቱ ነው። የጎንደር ሙሽራ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ሐምራዊ ሆኖ ሲወጣ ይታያችሁ። የአማቶቹን ፊት ሳስበው ገጹን ዘጋሁት።

ኤም 9 በፈረንጆቹ 2009 ወጣ። የመጀመሪያው ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ የድሮ ፊልም ያህል የሰፋ፣ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ነው። ቀለሙን የሚወዱት ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ እንደ ጠጅ ቀማሽ ይሆናሉ። የሴንሰሩ መሸፈኛ መስታወት ግን ከጊዜ በኋላ የመበላት ችግር አለበት። ፋብሪካው ለዓመታት በነፃ ሲቀይር ኖሮ ያ ነገር አብቅቷል። ሴንሰሩ የተቀየረለትን ካላገኙ በቀር ቁማር ነው፤ እኔ ደግሞ የቁማር ብር የለኝም። ቀጥሎ የመጣው፣ 240 የሚሉት፣ ደህና ካሜራ ነው፤ ቪዲዮም አለው። ግን ወፈረ። ኤም 10 በፈረንጆቹ 2017 ሲወጣ ቪዲዮውን አወጡለት፣ ውፍረቱን እንደ ድሮዎቹ የፊልም ካሜራዎች አደረጉለት፣ 24 ሜጋፒክስል ሰጡት። በዚያን ጊዜ አዲሱ 6,595 ዶላር ነበር።

ኤም 11 ደግሞ አለ። የፈረንጆቹ 2022 ነው። 60 ሜጋፒክስል፣ ውስጡ 64 ጊጋባይት፣ ሲወጣ ዋጋው ያለ ሌንስ 8,995 ዶላር ነበር። አሁን እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር ልንገራችሁ። እቁባችንን የጀመርነው በግንቦት 2016 ነው። ያኔ በባንክ ዋጋ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው። 480,000 ብር ማለት ከ8,400 ዶላር በላይ። እኔ ልቤ ኤም 11 ላይ ነበር፤ ትንሽ ጨምሬ እገዛለሁ ብዬ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። እጣው ጥር 2017 መጨረሻ ላይ ሲወጣልኝ ዶላር ከ120 ብር አልፏል። ያው 480,000 ብር፣ ያው ወረቀት፣ 4,000 ዶላር አልሞላም። እጣው በሦስተኛው ዙር ወጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ! አንዳንድ ሌሊት እነቃና ይህን አስባለሁ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ብሩ መውደቁ ለኔ በጀ። 60 ሜጋፒክስል ለማን ነው? የኔ ኮምፒውተር የካኖኑን 22 ሲከፍት ያቃስታል።

ለባለቤቴ የነገርኳት እሑድ ማታውኑ ነው። ልብስ እያጠፈች ነበር። ስለ ካሜራው ጥራት፣ ስለ ሥራ፣ ደንበኛ እንደሚጨምር፣ ብዙ ቀባጠርኩ። ጨርሼ ስመለከታት የልጃችንን ካልሲ ይዛ ቆማለች።

"በሱ ሰርግ ታነሳለህ?"

"አንዳንዴ..."

"ታነሳለህ ወይ አልኩህ?"

"አላነሳም።"

"እንግዲያው የልቤ ነው በለኝ። የሥራ ነው አትበለኝ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኳቸው ማወዳደሪያዎች እዚያች ካልሲ ላይ አለቁ። ለካ እኔ የማይወዳደር ነገር ነበር የማወዳድረው። ሶኒውና ካኖኑ የመጡት ለሰርጉ ነው፤ ለሰርጉ ደግሞ አሮጌው ካኖኔ ይበቃል። ደንበኛ የሚጠይቀኝ አልበሙ ስንት ገጽ እንደሆነና ድሮን እንዳለ ነው። ስንት ሜጋፒክስል ነው ያለኝ ሰው የለም። እኔ የፈለግሁት ሰርግ በሌለበት ቀን የምወጣበትን ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ የሚመዝኑትን እናቶች። ማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ላይ ግንቡን ተደግፈው የሚጸልዩትን። ያንን ትልቅ ካኖን ስደቅንባቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ፊታቸው የፎቶ ፊት ይሆናል። ጥፋቱ የካሜራው ብቻ አይደለም፤ የካሜራው ግን አለበት።

"የልቤ ነው" አልኳት።

"እሺ" አለች። ካልሲውን አጠፈች። "እማዬንስ?"

እማዬ ማለቷ የእናቴ ቤት ነው። የአዘዞው ቤት ጣሪያ ዝጎ ክረምት ላይ በሦስት ቦታ ያፈሳል። ፍራንክፈርት ያለችው ታላቅ እህቴ እሱን ላሠራ ብላ ዩሮ ስታጠራቅም ዓመት ሆኗታል። መላው የመጣው ከዚህ ነው፤ ያመጣችውም ባለቤቴ ናት። እኔ የእቁቡን ብር ለጣሪያው አውለዋለሁ፤ እህቴ ለጣሪያው ባጠራቀመችው እዚያው ካሜራውን ትገዛለች። ብር ድንበር አይሻገርም፣ ቆርቆሮው እዚህ ካሜራው እዚያ።

ለእትዬ ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

"ስንት አልከኝ?"

"3,600 ዩሮ።"

"አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"ሌንሱስ ጥሩ ነው?"

"ሌንስ የለውም። ሌንስ ለብቻው ነው።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተቆጣች። ከዚያ "የጋሼን ዓይነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ላይካ የሚሠራባት ቬትስላር ከሷ ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ እሷ እንኳን ያን ያህል አልራቀችም፣ እዚያው ከተማዋ ካለ ያገለገለ ካሜራ ከሚሸጥ ሱቅ ዋስትናውን ተቀብላ ገዛች። ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። በእጅ ቦርሳዋ፣ በሹራብ ጠቅልላ። ከሱ ጋር የ20 ዩሮ ቀለበት ነበረች። የጋሼን ሌንስ ላይካው ላይ የምታስገጥም ቀለበት። የሌንሷ ጥርስ ከድሮው ላይካ ጋር አንድ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ቀለበቷ ያንን ጥርስ ከአዲሱ ጋር ታገናኛለች። የላይካ የራሱ 35 ሚሊሜትር ሌንስ አዲሱ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው፤ እሱን ለልጅ ልጆቼ ትቼዋለሁ። ፎይግትሌንደር የሚባል በጃፓን የሚሠራ አለ፣ እሱ የሰው ዋጋ አለው። እስከዚያው የጋሼ ትሠራለች።

እናቴ ሌንሷን ከነጠላው ፈታ ስትሰጠኝ "መልሰህ አምጣት" ብቻ ነው ያለችኝ።

አሁን ደግሞ ጉዱን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ማለዳ ሥላሴ ሄድኩ። የሻተሩን ፍጥነት በእጄ 250 (የሰከንድ 1/250) ላይ አድርጌ፣ ስክሪኑንም አጥፍቼ፣ እንደ ድሮ ሰው ልሁን ብዬ። አንድ አዛውንት በሩ ሥር ብርሃኑ ፊታቸው ላይ አርፎ ቁጭ ብለዋል። አየሁ፣ አዞርኩ፣ ሁለቱ ገጠሙ፣ ተጫንኩ። ሌላ፣ ሌላ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 11 ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው 11 ጥቁር ፎቶ። የሌንሱን ክዳን አላወጣሁም ነበር። መስኮቱ በሌንሱ አያይማ! በካኖን እንዲህ ዓይነት ስህተት አይቻልም፤ ክዳኑ ካለ ምንም አይታይህም። ባለቤቴ አንድ በአንድ አየቻቸውና "ቀለሙ ግን ያምራል" አለች።

ባትሪውም ትንሽ ነው፣ ወዲያው ያልቃል። ባትሪና ካርድ ለመቀየር የካሜራው ወለል ተፈትቶ ይወጣል። ይህን የሠራው ሰው ቅዳሜ ገበያ መጥቶ አያውቅም። በአንድ እጅ ካሜራ፣ በሌላ እጅ ባትሪ፣ ወለሉን ጥርሴ መሀል ነክሼ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት "ልጄ፣ ምን እየበላህ ነው?" አሉኝ። አፌ ተይዟል፣ መልስ የለኝም። ግን ሳቁ። እሳቸውን ሲስቁ አነሳኋቸው፤ ነጠላቸውን አላስተካከሉም። እስከዛሬ ካነሳሁት የዚያችን ያህል የወደድኳት የለም።

ሌላም አለ። ያቺ የምትገፋ ዘንግ እልኸኛ ናት። ካሜራው ክፉኛ ከተመታ ሁለቱ ምስሎች መግጠማቸውን እንጂ በትክክል መግጠማቸውን አታውቅም። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያስተካክልልኝ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ባጃጅ ላይ ስሳፈር ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ "ምንድነው፣ እንቁላል ነው?" ይለኛል።

የጋሼ ሌንስም ከሩቅ ደህና ናት፤ ቅርብ ላይ ግን ትስታለች። የሩሲያዎቹ ሌንሶች ላይካ ላይ ሲገጠሙ እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። በመስኮቱ ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ ፎቶው ላይ ግን ፎከሱ ከሰውዬው ጥቂት ከኋላ አርፏል። ትንሽ ወደ ኋላ ማለት አለብኝ፤ ምን ያህል እንደሆነ ገና እየተማርኩ ነው። እቁቡንም ገና እየጣልኩ ነው፤ 12 ዙር ይቀረኛል። ፎይግትሌንደሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው እሑድ አዘዞ ነበርን። ጣሪያው አልቋል። ሰኔ ገብቷል፣ ከሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፤ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። በሦስቱም ቦታ ጠብ አላለም። እማዬ ሦስቱን ቦታ እየዞረች በእጇ ወለሉን ዳሰሰች። ሲያባራ ወጥታ በረንዳው ላይ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ከጀርባዋ ከሥራው የተረፈ ቆርቆሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ብርሃኑ እንደ ወተት ነበር። ካሜራውን አነሳሁ። መሀሉ ላይ እናቴ ሁለት ሆናለች። አዞርኩ። አንዷ ከሌላዋ ትከሻ በኩል መጣች፣ ተጠጋች፣ ገባች። ክዳኑን አውጥቻለሁ፤ ሁለቴ አይቻለሁ።

ማታ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። ፎከሱ እሷን አልፎ ከጀርባዋ ላይ አርፏል። የእሷ ፊት ለስላሳ፣ ጥላ የመሰለ። ከኋላዋ ያለው ቆርቆሮ ግን እያንዳንዱ ሸንተረሩ፣ የዝናቡ ጠብታ ሳይቀር ይቆጠራል።

ብዙ አየችው።

"እኔስ አልታይም" አለች። "ቆርቆሮው ግን ጥሩ ወጥቷል።"